የሚተከል ጥርስ፡- «ብረቱ» ይሻላል ወይስ «ነጩ»?

በወለቀ ጥርሳቸው ምትክ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ነው፡፡ «ብረት» የሚሉት ታይታኒየምን፣ «ነጩ» የሚሉት ደግሞ ዚርኮኒያ የተባለውን ሴራሚክ ነው፡፡ ብዙዎቹ አጥንት ሴራሚኩን በቀላሉ እንደሚቀበል፣ ብረቱን ግን እንደ ባዕድ ነገር እንደሚገፋ አምነው ይመጣሉ፡፡ ለዚህም ተጨማሪ ገንዘብ ለመክፈል ዝግጁ ናቸው፡፡ እምነቱ ግን ትክክል አይደለም፡፡

ታይታኒየም አየር እንዳገኘው ላዩ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ባለው የኦክሳይድ ሽፋን ይለበጣል፡፡ ይህ ሽፋን በባሕርዩ ሴራሚክ ነው፡፡ ዚርኮኒያም ቢሆን ዚርኮኒየም የተባለው ብረት ኦክሳይድ ነው፡፡ በሁለቱም በኩል የአጥንት ሴል የሚያገኘው ኦክሳይድ ነው ማለት ነው፡፡ «ብረት የለሽ» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይነግረንም፡፡

አጥንትና ታይታኒየም እንደሚዋሃዱ የተስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፡፡ ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ለሌላ ጥናት በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡትን የታይታኒየም መሣሪያ ነቅለው ማውጣት አቃታቸው፡፡ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ተከሉት፡፡

ውህደት ሲባል በሙጫ እንደማጣበቅ አይደለም፡፡ በተከላው ዕለት ብሎኑን የሚይዘው የቀዳዳው ጥበት ብቻ ነው፡፡ ከዚያ ሰውነት ዙሪያውን የተጎዳውን አጥንት እየበላ በምትኩ አዲስ ይሠራል፡፡ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ብሎኑ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሊላላ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ በእነዚህ ሳምንታት ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ከሚሆነው ገደብ በላይ ከተነቃነቀ፣ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ሥጋ ይከበዋል፡፡ ያ ደግሞ አይይዝም፡፡

የላዩ ሸካራነትም ወሳኝ ነው፤ አጥንት ለስላሳ ነገር ላይ በደንብ አይዝም፡፡ ታይታኒየምን ደቃቅ ቅንጣት በግፊት ረጭቶ በአሲድ ማሸከር ቀላል ነው፡፡ ዚርኮኒያን ሳያዳክሙ ማሸከር ግን ለአምራቾች አስቸጋሪ ነበር፡፡ ዛሬ ላያቸው የሸከረ የዚርኮኒያ ብሎኖች በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከታይታኒየም ጋር ተቀራራቢ የአጥንት ንክኪ አሳይተዋል፡፡

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፡፡ ታይታኒየም ጫና ሲበዛበት ይጎብጣል፤ ሴራሚክ ይሰነጠቃል፡፡ በ1970ዎቹ ከአሉሚና የተሠሩት የሴራሚክ ተከላዎች እየተሰበሩ ከገበያ ወጥተዋል፡፡ ዚርኮኒያ ከአሉሚና እጅግ ይጠነክራል፤ ሆኖም ቀጭኑ ብሎን በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው አያስተማምንም፡፡ በዚያ ላይ ብዙዎቹ የዚርኮኒያ ተከላዎች ወጥ ናቸው፡፡ ጫፋቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከድድ በላይ ስለሚታይ ምላስና ምግብ ይገፉታል፡፡ ሁለት ክፍል ያለው ታይታኒየም ግን ድድ ሥር ተቀብሮ በሰላም ይድናል፡፡ ሁለት ክፍል ያላቸው ዚርኮኒያዎችም አሉ፤ ክትትላቸው ግን ታይታኒየም ካለው የብዙ አሥርተ ዓመታት ልምድ ጋር አይወዳደርም፡፡

ለመንጋጋ ጥርስ እኔ ታይታኒየምን እመርጣለሁ፡፡ ድዱ ስስ ሆኖ የብረቱ ግራጫ ጥላ ለሚታይበት የፊት ጥርስ፣ ወይም በምርመራ ለተረጋገጠ የታይታኒየም አለርጂ (እሱም እምብዛም አያጋጥምም) ዚርኮኒያን እመክራለሁ፡፡ ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ግን ስለ ብሎኑ ዓይነት ከመጨነቁ በፊት እነዚህን ቢያስተካክል ይሻለዋል፡፡ የሁለቱንም ተከላ ውህደት ያበላሻሉ፡፡