በእንተ ልደተ ክርስቶስ፤ የትውልድ ቁጥር ትርጓሜ

ወንጌላዊ ማቴዎስ የጌታን ልደት ከመናገሩ አስቀድሞ ትውልድን ቆጠረ። ስለ ምን ቢሉ፥ ለአብርሃምና ለዳዊት የተሰጠው ተስፋ እንደ ተፈጸመ ለማስረዳት ነው። እርሱ ከአብርሃም እየወረደ በ3 ክፍል 14፥ 14 አድርጎ ቆጠረ፤ ሉቃስ ግን ከዮሴፍ እየወጣ እስከ አዳም አደረሰ፤ ጌታ የአዳም ልጆች ሁሉ መድኃኒት ነውና።

ማቴዎስ ዮሴፍን የያዕቆብ ልጅ፥ ሉቃስ የኤሊ ልጅ አለው፤ ቃላቸው አይጣላምን ቢሉ፥ አይጣላም። ሰው ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር እንዲተካለት በኦሪት ታዟልና (ዘዳ. 25፥ 5)። ያዕቆብና ኤሊ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ኤሊ ሳይወልድ ቢሞት ያዕቆብ ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ስለዚህ በሥጋ የያዕቆብ፥ በሕግ የኤሊ ልጅ ተባለ። ይህንም አፍሪቃኖስ ጽፎታል፤ አውሳብዮስም በታሪኩ አቆይቶታል።

ሣራንና ርብቃን ትቶ ትዕማርን፥ ረዓብን፥ ሩትን፥ የኦርዮንንም ሚስት ማንሣቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ረዓብ ከኢያሪኮ፥ ሩትም ከሞዓብ ናቸውና አሕዛብን እንደሚቀበል ለማጠየቅ። አንድም ኃጥኣንን ሊያድን እንጂ ሊያፍርባቸው እንዳልመጣ ለማስረዳት።

እንግዲህ በዘሩ የሚመካ፥ ባልንጀራውንም ስለ ዘሩ የሚንቅ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን የልደትን በዓል ሲያከብር ይህን ያስብ፤ ጌታ ሰው ከሚንቃቸው ወገን መወለድን አልናቀምና።