ጫኝ ፕሮግራም አስቀድሞ ይጠይቅ

በነቀምት፥ በጊምቢና በሻምቡ የኮምፒዩተር ጽሕፈት በሚሠራባቸው ሱቆች አንዱ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ያገለግላል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ከተያዘ ወዲህ አፋን ኦሮሞ በተራው የፊደል ገበታ ይጻፋል፤ ለአማርኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ ፕሮግራም ይጫናል። ይህም ፕሮግራም ከወርድ ጎን ሆኖ የምንመታውን ቁልፍ ወደ ፊደል ይለውጣል። የእንዲህ ያለው ፕሮግራም አዲስ እትም ሲጫን አሮጌው በሥራ ላይ ቢገኝስ ምን ይሆናል?

ጫኝ ፕሮግራም አዲሶቹን ፋይሎች በየቦታቸው የሚያኖር ሲሆን፥ የሚመራውም ስክሪፕት በሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። በዊንዶውስ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፋይሉ ስለሚቆለፍ በላዩ ሌላ መጻፍ አይቻልም። ሊኑክስ መተካቱን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ቀድሞ የተከፈተው እስኪዘጋ ድረስ በአሮጌው ይሠራል። ስለዚህ ስክሪፕቱ በሥራ ላይ ያለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ይህን ማወቅ አያስቸግርም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለሚነሣ ፕሮግራም ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ ይመዘግበዋል። በዊንዶውስ «ታስክሊስት» የተባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ስም፥ ቁጥርና የያዘውን የሜሞሪ መጠን በየመስመሩ ያወጣል። በሊኑክስም «ፒ ኤስ» የተባለው ትእዛዝ «ፕሮክ» ከሚባለው ማኅደር እያነበበ ይህንኑ ያደርጋል። ስክሪፕቱ ትእዛዙን ጠርቶ ውጤቱን ይቀበልና የሚፈልገው ስም መኖሩን ይመለከታል። የታስክሊስት ሰንጠረዥ ረጅም ስም ስለሚቆርጥ፥ ዝርዝሩን በኮማ በተለየ መልክ መቀበል ይሻላል።

ሆኖም ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አንደኛ፥ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ስም ሊኖራቸው ስለሚችል ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታም ይመርመር። ከዊንዶውስ ቪስታ (2007 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው «ሪስታርት ማኔጀር» ፋይሉን የያዘው ማን እንደ ሆነ ራሱ ስለሚናገር ከስም ፍለጋ ይበልጣል።

ሁለተኛ፥ ዝርዝሩ የዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ከተመለከትን በኋላ ሌላ ሊከፈት ስለሚችል ፋይሉ ሊገለበጥ ሲል እንደ ገና ይታይ።

ሦስተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ማግኘት መግደል አይደለም። ጫኙ የፊደሉን ፕሮግራም ለመተካት ሲል ወርድንም «ታስክኪል» በተባለው ትእዛዝ በግድ ቢዘጋው «ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ?» የሚል ጥያቄ እንኳ አይቀርብም፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ተማሪ ገጹን በገንዘብ እያስጻፈ ከጧት ጀምሮ የደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊባክን ይችላል።

እንግዲህ ስክሪፕት የምትጽፉ ጓደኞቻችን ሆይ፥ የፕሮግራሙን ስም አሳዩ፤ «ሥራዎን አስቀምጠው ይዝጉት» በሉ፤ ጠብቁ፤ ዝርዝሩንም ደግማችሁ እዩ። እኛም የምናስጭን ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ስናይ ሳናነብ «እሺ» አንበል። ጥያቄው የቀረበው ለጽሑፋችን ሲባል ነውና።