የገብሱ ካሽ ማን ነው? አደጋና መድን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተን ወደ ነፋስ መውጫ እንጓዝ ነበር። ክምር ድንጋይን አልፈን የጉናን ተራራ ጥግ ይዘን ስንሄድ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ የወረደ በረዶ ከመንገዱ በስተግራ ያለውን የገብስ ማሳ አጋድሞት አገኘነው። በስተቀኝ ያለው ማሳ ግን አንድ ዛላ እንኳ ሳይሰበርበት ቆሟል። መኪናችንን አቁመን ወረድን። በማሳው ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ለተቀመጡት አዛውንት ገበሬ «እግዜር ይካስዎ፣ አባቴ» አልናቸው። እርሳቸውም «አሜን» ካሉ በኋላ በመኪናችን መስታወት ላይ የተለጠፈችውን የመድን ወረቀት በእጃቸው እያመለከቱ፣ «ይህች መኪና ሰው ብትገጭ የሚክስ አላት አሉ። ለዚህ ገብስስ ካሹ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

በአገራችን የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግዴታ ሆኗል። ገብሱ ግን ዋስ አልነበረውም። በዚያች ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። የጥያቄው መልስ በገንዘብ ብቻ የሚፈታ ሳይሆን ፊዚክስንና የዕድል ሒሳብን የሚጠይቅ መሆኑንም በቅደም ተከተል ለማሳየት እንሞክራለን።

አገሩና ሰማዩ

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙ ናቸው። የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲቆም፣ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች ደግሞ ወደ 1,500 ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በጉና ራስና በሸለቆው መካከል ያለው ልዩነት ወደ 17 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ደጋው ገብስና ድንች ሲያበቅል ቆላው ማሽላ ያበቅላል። አደጋውም እንዲሁ ይለያያል፤ ቆላው ድርቅን ሲፈራ ደጋው በረዶን፣ ውርጭንና መብረቅን ይፈራል።

ደጋው በረዶ የሚበዛበት ምክንያት አለው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገሮች አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው በ5,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ በረዶ 5,000 ሜትር ሞቃት አየር ሲያቋርጥ አብዛኛው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። 3,000 ሜትር ላይ በሚገኝ የጋይንት ማሳ ላይ የሚወርደው ግን ለመቅለጥ ያለው መንገድ 2,000 ሜትር ብቻ ነው።

ጉዳቱም ከበረዶው መጠን ጋር እኩል አያድግም። የበረዶ ጠጠር የውድቀት ፍጥነት ከስፋቱ ካሬ ሥር ጋር ይሄዳል፤ ክብደቱ ደግሞ ከስፋቱ ኩብ ጋር። በመሆኑም የሚሸከመው ጉልበት ከስፋቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። ስፋቱ እጥፍ የሆነ ጠጠር 16 እጥፍ ጉልበት ይዞ ያርፋል። የአንድ ሳንቲ ሜትር ጠጠር በሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ሲፈጥን፣ የሁለት ሳንቲ ሜትሩ ወደ 20 ሜትር ይደርሳል። ባቄላ የሚያህል በረዶ ቅጠል ሲበሳ፣ ከዚያ እጥፍ የሆነው አገዳ የሚሰብረው ስለዚህ ነው።

መድን በሒሳብ ዓይን

መድን ማለት ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ጉዳት የደረሰበትን አንዱን የሚክሱበት ሥርዓት ነው። የሚዋጣው ገንዘብ አረቦን ይባላል። የመጀመሪያው ስሌት ቀላል ነው፤ የጉዳቱን ዕድል በጉዳቱ መጠን ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል በዓመት ከ100 ቤቶች አንዱ ይቃጠላል እንበል። 100 ቤቶች ብቻ ቢሰባሰቡ በአማካይ አንድ ቤት ይቃጠላል፤ ነገር ግን በአንዱ ዓመት ምንም፣ በሌላው ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ስለሚችል ገንዘቡ አንዳንዴ አይበቃም። 10,000 ቤቶች ቢሰባሰቡ ግን የሚቃጠሉት በአማካይ 100 ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በአብዛኛው ከዚህ 10 ከፍ ወይም 10 ዝቅ የሚል ነው። የተሰባሰቡት ሰዎች ቁጥር 100 እጥፍ ሲያድግ፣ ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር አለመተማመኑ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። መድን የቆመው በዚህ የታላላቅ ቁጥሮች ሕግ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የአንዱ ቤት መቃጠል ከሌላው ቤት መቃጠል ጋር ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። ድርቅ ይህን ቅድመ ሁኔታ ያፈርሳል። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ድርቅ ቢኖር፣ የ10,000 ገበሬዎች መድን በአራቱ ዓመታት አንድም ካሳ ሳይከፍል ይቆይና በአምስተኛው ዓመት 10,000ው በአንድ ቀን ለካሳ ይሰለፋሉ። የሰው ቁጥር መብዛት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

አባቶቻችን የመሠረቱት ዕድርም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። ዕድር ለሞት የሚሠራው ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለማይሞቱ ነው። ወንፈልና ደቦም የታመመውን ጎረቤት እርሻ የሚያርሱት ሌላው ጤነኛ ስለሆነ ነው። በ1977 ዓ.ም. እንደደረሰው ያለ ድርቅ ሲመጣ ግን ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ጊዜ ይራባሉ። የመረዳዳት ባህሉ ስለተዳከመ አይደለም፤ አደጋው የመንደሩን ወሰን ስለሚያልፍ ነው። ስለዚህ ሸክሙን ከመንደር ወደ አገር፣ ከአገርም ወደ ዓለም ማካፈል ያስፈልጋል። መድን ሰጪውን ራሱን የሚያስመድነው ይህ አሠራር የጠለፋ መድን ይባላል።

ሁለተኛው ችግር ዋጋ ነው። በ1,000 ዓመት አንድ ጊዜ ለሚደርስ የ10,000 ብር ጉዳት ንጹሑ አረቦን 10 ብር ነው። በ5 ዓመት አንድ ጊዜ ለሚደርስ ግን 2,000 ብር ይሆናል። የሥራ ማስኬጃው ገና አልተጨመረም። ለዚህ ነው መድን ብርቅ ለሆነና ከባድ ለሆነ አደጋ እንጂ በየጊዜው ለሚመላለስ ጉዳት የማይመቸው። ከአደጋዎችም በተለመዱት የንብረት ውሎች የማይሸፈኑ አሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ላይ ጋይንትና ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የጠፋው ንብረት የዚህ ወገን ነው፤ የጦርነት ጉዳት በተለመደው የንብረት መድን ውል ውስጥ አይገባምና።

ዝናብን ለክቶ ካሳ መክፈል

የእያንዳንዱን ማሳ ጉዳት እየዞሩ መገመት ከካሳው የበለጠ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1920 ህንዳዊው ጄ. ኤስ. ቻክራቫርቲ ስለ ግብርና መድን ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ መንገድ አመለከተ። ማሳውን ሳይሆን ዝናቡን እንለካ፤ ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ለአካባቢው ሁሉ ካሳ እንክፈል አለ። ይህ ሐሳብ ዛሬ በጠቋሚ ላይ የተመሠረተ መድን ይባላል።

አገራችንም ሐሳቡን ከቀደሙት ጋር ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከፈረንሳዩ አክሳ ሪ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ መድን ውል ገባ። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር ያህል፣ ከፍተኛው ካሳ ደግሞ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። መለኪያው በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የተመዘገበ ዝናብ ሲሆን፣ ዓመቱ ጥሩ ስለነበረ ካሳ አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በትግራይ አዲ ሐ በተባለች ቀበሌ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው የድርቅ መድን ገቡ። ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኒያላ ኢንሹራንስና ስዊስ ሪ ከሥራው ተባባሪዎች መካከል ነበሩ። ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ ማለትም እርከን በመሥራትና በመሳሰለው ሥራ መክፈል ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ድርቅ ሲደርስ ከ12 ሺህ በላይ አባወራዎች ካሳ አገኙ። ፕሮግራሙ ቆይቶ ወደ አማራ ክልልም ተሻግሯል። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሕዝቡ እርከንና ክትር ሲሠራ ለኖረባቸው ለጋይንትና ለስማዳ ይህ በጉልበት የሚከፈል አረቦን እንግዳ አይሆንም።

በረዶው ዝናብ ተብሎ ሲመዘገብ

አሁን ወደ አዛውንቱ ማሳ እንመለስ። በዚያች ቀን በመንደሩ የዝናብ መለኪያ ቢኖር ኖሮ ምን ይመዘግብ ነበር? በረዶው በመለኪያው ውስጥ ቀልጦ «ብዙ ዝናብ ጣለ» ይባላል። ጠቋሚውም ዓመቱን መልካም ብሎ ያልፈዋል፤ ገብሱ ግን ወድቋል። በጠቋሚውና በእውነተኛው ጉዳት መካከል ያለው ይህ ክፍተት የዚህ መድን ትልቁ ድክመት ነው።

ለድርቅም ቢሆን ክፍተቱ አይጠፋም። በሳተላይት ከሚገመቱት የዝናብ መረጃዎች አንዱ መሬቱን በየአቅጣጫው 5.5 ኪሎ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ይከፍላል። ይህ ስፋት ለሜዳማ አገር በቂ ሊሆን ይችላል። በታች ጋይንትና በስማዳ ግን በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ሰገነትና ገደል፣ ደጋና ወይና ደጋ አብረው ይገኛሉ። አንዳንዴ ዝናብ ያገኘው ገበሬ ካሳ ሲቀበል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማሳው የደረቀበት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። አረቦን ከፍሎ በችግሩ ቀን ያልተካሰ ገበሬ ደግሞ ሁለተኛ አይመለስም።

መከላከል የመድን ግማሽ ነው

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 የመብረቅን ኤሌክትሪክነት በካይት የፈተነ ሊቅ መሆኑን ብዙዎቻችን ተምረናል። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ የቤት ቃጠሎ መድን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ እርሱ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ማኅበሩ ቤቱን ሳይመረምር መድን አይሰጥም ነበር። ጉዳቱን መቀነስና ጉዳቱን መካስ የአንድ ሥራ ሁለት እጆች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ሒሳቡም ይኸው ነው፤ የአደጋው ዕድል ከአምስት ዓመት አንዴ ወደ አሥር ዓመት አንዴ ቢወርድ ንጹሑ አረቦን በግማሽ ይቀንሳል።

በሬ ለገበሬ ከንብረት ሁሉ በላይ ነው፤ ከመብረቅ እንጀምር። መብረቅ ዛፍን ሲመታ 30 ሺህ አምፒር ያህል ኮረንቲ ወደ መሬት ገብቶ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። በተለመደ አፈር ላይ፣ ከዛፉ በ10 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢኖር 1,400 ቮልት ያህል ያርፍበታል። የፊትና የኋላ እግሮቹ በ1.5 ሜትር የሚራራቁ በሬ ግን በዚያው ቦታ 6,000 ቮልት ገደማ ይደርስበታል፤ ኮረንቲውም በልቡ በኩል ያልፋል። በአንድ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ቀርቧልና፣ እረኛውም ከብቱም ከብቸኛ ዛፍና ከኮረብታ ጫፍ መራቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ቃጠሎ ነው። የዓመቱ እህል በአንድ ክምር ሲከመር አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ክምሩን ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ፣ ከቤትም እርስ በርስም አራርቆ መከመር ገንዘብ የማይጠይቅ መድን ነው። ሦስተኛው ጎርፍ ነው። የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አፈር የመጠረግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እርከን ረጅሙን ተዳፋት እየቆራረጠ ውኃው እንዳይፈጥን ያደርገዋል፤ ወደ መሬት የሚሰርገውም እርጥበት በድርቅ ወቅት ይጠቅማል። አንድ እርከን ለጎርፍም ለድርቅም ይሠራል ማለት ነው።

በጥቅሉ ሲታይ፣ ዘወትር የሚመላለሰውን ትንሽ ጉዳት በመከላከልና በቁጠባ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ከባድ ጉዳት በመድን፣ አገር የሚያዳርሰውን ደግሞ በመንግሥትና በጠለፋ መድን መመከት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ድርቅ በኋላ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንዳስፈለገው ስናስታውስ፣ ሦስተኛው ደረጃ የማይታለፍ መሆኑ ግልጽ ነው።

ለተማሪዎቻችን

በጠቋሚውና በማሳው መካከል ያለው ክፍተት የሚጠበበው በመለካት ነው። ለዚህ ደግሞ ታላቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃሉ። ጣሳውን ከቤትና ከዛፍ አርቃችሁ ገላጣ ቦታ ላይ አቁሙት። ዘወትር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የውኃውን ከፍታ በሚሊ ሜትር መዝግባችሁ ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። በረዶ ሲወርድም ሰዓቱን፣ የጠጠሩን ስፋትና የትኛው ማሳ እንደተመታ ለብቻው ጻፉ፤ ጣሳው ይህን አይነግራችሁምና። የአንድ አካባቢ የአየር ንብረት የሚታወቀው በ30 ዓመት መዝገብ ነው። የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤቶች ዛሬ ቢጀምሩ፣ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ልጆቻቸውን ለትምህርት በሚልኩበት ዘመን የራሳቸው መዝገብ ይኖራቸዋል።

ለአዛውንቱም መልሳችን ይህ ነው። አባታችን፣ መኪናዋ ካሽ ያገኘችው ስንት መኪና እንዳለና ስንቱ እንደሚጋጭ ተቆጥሮ ስለተመዘገበ ነው። የገብስዎን ሰማይ ገና አልቆጠርነውም። ካሹ የሚመጣው ቆጣሪው ከመጣ በኋላ ነውና፣ ቆጣሪዎቹን እያስተማርን ነው።