ኢማሙ ቡኻሪ የየት አገር ሰው ናቸው? እስያን በምናውቃቸው ስሞች ማስተማር



ባለፈው ክረምት ከጀመዓችን የተወሰንን ልጆች በሰፈራችን መስጂድ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ስናስተምር ነበር። እስያ ላይ ስንደርስ የአገሮችንና የዋና ከተሞችን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ጽፈን አስሸመደድናቸው። በሳምንቱ ስንጠይቃቸው ግማሹ ጠፍቷል። "እሺ፣ ኢማሙ ቡኻሪስ የየት አገር ሰው ናቸው?" ስንላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ "የሳዑዲ!" አለ። ከማረማችን በፊት እርስ በርስ ተያየን፤ ከእኛም መካከል መልሱን በእርግጠኝነት የማያውቅ ነበር። መድረሳ ስማቸውን ስንሰማ አድገናል፣ መንግሥት ትምህርት ቤት የእስያን ካርታ ስለናል። ሁለቱን ግን አገናኝተን አናውቅም ነበር።

ዘንድሮም ለእረፍት ስንበተን ብዙዎቻችን እናስተምራለን ኢንሻአላህ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ የሞከርነውን እናካፍላችሁ።

ስሞቹ ካርታ ናቸው

"ቡኻሪ" ማለት የቡኻራ ሰው ማለት ነው። ቡኻራ ዛሬ በኡዝቤኪስታን የምትገኝ ከተማ ናት፤ ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ810 የተወለዱት እዚያ ነው። ስድስቱን ታላላቅ የሐዲስ ስብስቦች ያዘጋጁትን ዑለማዎች በሙሉ እንዲህ መፈለግ ይቻላል። ኢማሙ ቲርሚዚ ከቲርሚዝ (ኡዝቤኪስታን)፣ ኢማሙ ሙስሊም ከኒሻፑር (ኢራን)፣ ኢብኑ ማጃህ ከቀዝዊን (ኢራን)፣ ኢማሙ ነሳኢ ከነሳ (ቱርክሜኒስታን)፣ አቡ ዳዉድ ደግሞ ኢራንና አፍጋኒስታን ከሚዋሰኑበት ከሲጂስታን ናቸው። ስድስቱም የተወለዱት ከአረቢያ ባሕረ ገብ መሬት ውጭ፣ እስያ ውስጥ ነው።

ልጆቹ ባዶ ካርታ ላይ ስድስቱን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ሲያደርጉ መካከለኛው እስያን ሳያውቁት አጠኑ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ራሱ ይመጣል። ወረቀት ቻይና ውስጥ ተፈልስፎ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በሳማርቃንድ በኩል ወደ ባግዳድ ደረሰ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን እነዚህ ኢማሞች ለዕውቀት አገር ለአገር ሲዞሩ በመንገዳቸው ላይ ወረቀትም መጻሕፍትም ነበሩ። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች በየቀኑ የምንጠራው "አልጎሪዝም" የሚለው ቃልም ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው፤ ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ ያለ አገር ነው።

ቂብላ አቅጣጫን ያስተምራል

መካ ያለችው እስያ ውስጥ ነው። ይህን ስንናገር ብዙ ልጆች ይገረማሉ። ከአዲስ አበባ የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። የጃካርታው ወደ ምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብሎ፣ የታሽከንቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። ልጆቹን ከተማ ምረጡና መስመር አስምሩ ስንላቸው ሰሜንና ደቡብን ያለ ሽምደዳ ለዩ። በዚያው ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ "ሙስሊም በብዛት ያለው የት ነው?" በቁጥር ቀዳሚዎቹ አራት አገሮች ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታን፣ ህንድና ባንግላዴሽ ናቸው። አንዳቸውም አረብ አይደሉም። ኢንዶኔዥያ እስልምና የገባው በአመዛኙ በነጋዴዎች በኩል ነው።

ክረምት ሲባል የቱ ክረምት?

ሱረቱ ቁረይሽን ያልሐፈዘ ልጅ የለም። "ሺታእ" ምንድን ነው ስንል "ክረምት" አሉን፤ በአእምሯቸው ያለው ግን የእኛ የሐምሌ ዝናብ ነው። የአረቡ ሺታእ ከታኅሣሥ ወዲህ ያለው ብርድ መሆኑን፣ ነጋዴዎቹ በብርዱ ወደ የመን፣ በሙቀቱ ወደ ሻም ይሄዱ እንደነበር በካርታ አሳየናቸው። ከዚያ ወደ ሞንሱን መሻገር ቀላል ነው። በበጋ የእስያ ምድር ከባሕሩ ይልቅ ስለሚሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ እርጥብ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ብርድ ሲሆን ይገለበጣል። የህንድ ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም መሆኑን ሲሰሙ "እንደኛው!" አሉ። መርከቦችም በዚህ ነፋስ እየታገዙ በህንድ፣ በአረቢያና በእኛ ቀንድ መካከል ይመላለሱ ነበር።

በዚያ ባሕር ከተሻገሩት አንዱ መሊክ አምበር ነው። በ1548 ገደማ በሐረርጌ አካባቢ እንደተወለደ ይነገራል። በባርነት ተሽጦ ህንድ ደረሰ፤ በኋላ የአሕመድነገር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የሙጋል ጦርን ለዓመታት ተቋቋመ። በ1626 እስኪሞት ድረስ በኃላፊነቱ ላይ ነበር። ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆርቁሮ በመሬት ውስጥ ቦይ ውኃ አስገባላት። ይህን ስንተርክ ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ቻይና! ቻይና!"

ከሁሉ የከበደን ባህልን ማስተማር ነው። መንገድ ላይ ኮሪያዊ፣ ጃፓናዊ ወይም ቬትናማዊ ሲያልፍ ልጆች "ቻይና!" ብለው ይጮኻሉ። የእኛም ልጆች ይጮኹ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም በልጅነታችን ጮኸናል። እስያ ከዓለም ሕዝብ ስድሳ በመቶ ያህሉ የሚኖርባት አህጉር ናት፤ ለሁሉም አንድ ስም መስጠት አለማወቅ ነው። በአገራችን የሐበሻን ልጅ ሁሉ በአንድ ብሔር ስም ቢጠሩት ምን ይሰማዋል ብለን ጠየቅናቸው። መልሱን ራሳቸው ሰጡት።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እናስጠነቅቅ። በሙስሊሙ እስያ መጀመራችን ልጆቹ የሚያውቁት በር ስለሆነ ነው። እዚያው ከቆምን ግን ሌላ ስህተት ሠራን ማለት ነው። የሂማላያን ተራሮችና ከበረዷቸው የሚነሱትን ወንዞች፣ የቻይናን ረጅም ታሪክ፣ ሂንዱውንና ቡድሂስቱን ጎረቤት ጭምር በአክብሮትና በትክክል ማስተማር አለብን። ፈተናውም ይጠይቃል፣ ፍትሕም ይጠይቃል።

ስለዚህ ዘንድሮ ስታስተምሩ ዝርዝሩን ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹ ከመድረሳ ይዘው የመጡትን ስም ጠይቋቸው። ከዚያ ካርታውን ዘርጉ። ባዶ ካርታ የምትፈልጉ ካላችሁ ከጁሙዓ በኋላ አግኙን፤ አባዝተን እንሰጣችኋለን ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።