የ1882 የጥንታዊ ሐውልቶች ጥበቃ ሕግ (ብሪታንያ)

የጥንታዊ ሐውልቶች ጥበቃ ሕግ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1882 የወጣ ሕግ ነው። በቅድመ ታሪክ ዘመን የተሠሩ የድንጋይ ክበቦችን፣ የመቃብር ጉብታዎችንና መሰል ሥራዎችን መንግሥት እንዲጠብቅ በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በአውሮፓ ግን የመጀመሪያው አይደለም። ስዊድን ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ1666 ሲሆን፣ ፈረንሳይም በ1830 የታሪካዊ ሐውልቶች ተቆጣጣሪ ሾማ ነበር። ብሪታንያ የዘገየችበት ዋናው ምክንያት የመሬት ጉዳይ ነው። ሐውልቶቹ የቆሙት በግል ይዞታ ላይ ሲሆን፣ በፓርላማው የሚቀመጡትም በብዛት ባለርስቶች ነበሩ። የርስት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

መነሻ

በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የኤቭበሪ የድንጋይ ክበብ በስፋቱ ከስቶንሄንጅ ይበልጣል። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የአካባቢው ሰዎች ታላላቆቹን ድንጋዮች በእሳት እያጋሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱባቸው ይሰነጥቋቸው ነበር። ስባሪው ለቤት ግንባታ ይውላል። በ1871 በዚሁ ቦታ አዳዲስ ቤቶች ሊሠሩ መሆኑን የሰማው ጆን ላቦክ መሬቱን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ አስቀረ። ላቦክ የባንክ ባለቤት፣ የፓርላማ አባልና የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ነበር።

ሐውልት በተነካ ቁጥር መሬት መግዛት ግን አይቻልም። ስለዚህ ላቦክ በ1873 ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ አቀረበ። ረቂቁ ባለንብረቱን የማስገደድ ኃይል ስለነበረው፣ ተቃዋሚዎች በሰው ንብረት ጣልቃ መግባት ነው እያሉ በየዓመቱ ጣሉት። በመጨረሻ የጸደቀው ይህ ኃይል ከወጣለት በኋላ ነው።

የሕጉ ይዘት

ከሕጉ ጋር የ68 ሐውልቶች ዝርዝር ተያይዞ ወጣ፤ ከእነዚህ 18ቱ በአየርላንድ የሚገኙ ነበሩ። ባለንብረቱ ከፈቀደ ሐውልቱን በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ያደርገዋል፤ መሬቱ ግን የእሱ እንደሆነ ይቀጥላል። ሐውልት ያበላሸ ሰው እስከ 5 ፓውንድ ይቀጣል ወይም እስከ አንድ ወር ይታሰራል። የሕጉ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው፦ ሐውልቱን ለሞግዚትነት ያልሰጠ ባለንብረት የራሱን ቢያፈርስ ቅጣቱ አይነካውም። በሌላ አነጋገር ሕጉ ሐውልቱን ከመንገደኛ እንጂ ከባለቤቱ አልጠበቀም።

የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ጄኔራል ፒት ሪቨርስ አገሩን እየዞረ ሐውልቶቹን ሲለካና ሲያስነሳ፣ ባለርስቶችንም ሲያግባባ ኖረ። ብዙዎቹ እምቢ አሉት። የስቶንሄንጅ ባለቤትም ሐውልቱን ለመንግሥት አልሰጠም፤ በ1900 የመጨረሻ ቀን ከቆሙት ድንጋዮች አንዱ ወደቀ፣ በተከታዩ ዓመት ባለቤቱ ዙሪያውን አጥሮ የመግቢያ ክፍያ ጀመረ። ስቶንሄንጅ የሕዝብ የሆነው በ1915 በጨረታ በ6,600 ፓውንድ የገዛው ሴሲል ቸብ በ1918 ለመንግሥት ሲሰጠው ነው።

ሕጉ የሚመለከተው በመሬት ላይ የቆሙትን ብቻ ነበር። ተንቀሳቃሽ ቅርስ፣ ይልቁንም ከሌላ አገር የተወሰደ፣ ከነጭራሹ አልተነሳም። ሕጉ የወጣው በጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ዘመን ነው። እኚሁ ግላድስተን በ1871 በፓርላማ ቀርበው፣ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ የወሰዳቸው ዕቃዎች መወሰዳቸው እንደሚያሳዝናቸው ተናግረው ነበር።

ከ1882 በኋላ

በ1900 ሕጉ ወደ መካከለኛው ዘመን ሕንፃዎች ሰፋ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1913 ሲሆን፣ መንስኤውም የታተርሻል ቤተ መንግሥት የእሳት ምድጃዎች ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን የተቀረጹት እነዚህ ምድጃዎች ተነቅለው ወደ አሜሪካ ሊላኩ ሲሉ፣ የቀድሞው የሕንድ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ሕንፃውን ገዝቶ ምድጃዎቹን አስመለሰ። ከርዘን በሕንድ ሳለ በ1904 የወጣው የሐውልት ሕግ መንግሥት በግዴታ እንዲገዛ እንኳ ይፈቅድ ነበር፤ እንግሊዝ በቅኝ ግዛቷ ያዘዘችውን በገዛ ባለርስቶቿ ላይ ለማዘዝ አልደፈረችም።

በ1913ቱ ሕግ መሠረት በዝርዝር የተመዘገበ ሐውልት ባለቤት ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ግዴታው ሆነ፤ መንግሥትም አደጋ ሲያይ የማገድ ሥልጣን አገኘ። በ1979 የወጣው፣ አሁንም የሚሠራበት ሕግ ማሳወቁን ወደ ፈቃድ ለወጠው፦ ባለንብረቱ ፈቃድ በእጁ ሳይገባ ከጀመረ ወንጀል ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ 20,000 ያህል ሐውልቶች በዝርዝሩ ላይ ይገኛሉ።