ዕርዛት፣ ራቁትነት፣ መገፈፍ፣ ዕርቃን፦ በጥንታዊ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሰውን ገላ ስለ ማየት



የዛሬው ርእሳችን በመማሪያ አዳራሾቻችን ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚታለፍ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር የግሪክን ሐውልት በግድግዳ ላይ ሲያሳይ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ይሰማል፤ ከፊት የተቀመጡት ዓይናቸውን ወደ ደብተራቸው ይመልሳሉ፤ መምህሩም የሠሪውን ስምና ዘመን ተናግሮ ወደሚቀጥለው ሥዕል ይሸጋገራል። የሚስቀውም ዝም የሚለውም ገና ሳያይ ፈርዷል። ስለዚህ የሰው ልጅ ለሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት ስለ ራሱ ያሰበበትን አንድ ትልቅ መንገድ ሳናይ እናልፋለን። ይህን ጉዳት ለመቀነስ «እፍረታችሁን ጣሉ» የሚል ምክር አልሰጥም። እፍረት ዕውቀትን የያዘ ስሜት ነው፤ ምን እንደሚያውቅ ብንጠይቀው ይሻላል።

አራት ቃላት

እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ኬኔት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን በቋንቋው በሚገኙ ሁለት ቃላት ልዩነት ላይ መሠረተ፤ አንደኛው ልብሱን ያጣውን ሰው ሲያመለክት ሁለተኛው በጥበብ የተቀረጸውን ገላ ያመለክታል። እኛ ይህን ክፍፍል መዋስ አያስፈልገንም። አማርኛ ከሁለት የሚበልጡ ቃላት አሉትና።

የመጀመሪያው ዕርዛት ነው። የታረዘ ሰው የሚለብሰው ያጣ ድኃ ነው፤ እርሱን ማየት በተመልካቹ ላይ ግዴታ ይጥላል፤ የታረዘን ማልበስ ከምግባረ ሠናይ አንዱ ነውና። ሁለተኛው ራቁትነት ነው፤ ልብስ ሊኖር በሚገባበት ቦታና ጊዜ አለመኖሩን ይናገራል፤ ስሜቱም እፍረት ነው። ሦስተኛው መገፈፍ ነው። እዚህ ላይ ከተገፋፊው ሌላ አንድ ሰው፣ ገፋፊው፣ በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ቃሉ ግፍን ይመሰክራል። አራተኛው ከግእዝ የወረስነው ዕርቃን ነው። በዕለት ንግግር ከራቁትነት ጋር ይቀላቀላል፤ በዚህ ገለጻ ግን ለተለየ ነገር ላውለው እፈልጋለሁ፦ ልብስ ስለ መኖሩም ሆነ ስለ መቅረቱ ጥያቄ ለማይነሣበት፣ ራሱን ችሎ ትርጉም ለሚሸከም የሰው ገላ። አንድን ሥራ ስናይ ከእነዚህ ከአራቱ የትኛው ቃል ይስማማዋል ብለን ብንጠይቅ ከሳቁም ከዝምታውም አንድ እርምጃ እንርቃለን።

በግሪክ፦ ክብርን የለበሰ ገላ

በጥንቱ የግሪክ ዓለም ወንዶች በስፖርት ውድድርና ልምምድ ልብሳቸውን አውልቀው ይሳተፉ ነበር፤ «ጂምናዚየም» የሚለው ቃልም «ራቁት» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የሠለጠነ ገላ የዜጋው የሥነ ሥርዓት ምስክር ተደርጎ ይታይ ነበር። ቀራጩ ፖሊክሌይቶስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በ440 አካባቢ፣ «ጦር ተሸካሚው» የተባለውን የነሐስ ሐውልት ሠራ። ዋናው ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናውቀው ሮማውያን በዕብነ በረድ ከቀዱት ነው። ከእርሱ በፊት ከነበሩት የወጣት ወንድ ሐውልቶች ብዙዎቹ ክብደታቸውን በሁለቱም እግሮች እኩል ተሸክመው፣ ፊት ለፊት ተገትረው ይቆሙ ነበር። ፖሊክሌይቶስ ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ጣለው። በዚህም የተነሣ የዳሌው መስመር ወደ አንድ ወገን፣ የትከሻው መስመር ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል፤ ውጥረት ያለበት ክንድ ውጥረት ከሌለበት እግር ጋር ይመጣጠናል። ሰውየው የቆመ ነው፤ ነገር ግን ሊራመድ የተዘጋጀ ይመስላል። ይህን ምጣኔ ሊያስተዋውቅ የጻፈው መጽሐፍም «ካኖን» ይባል ነበር፤ እርሱም አልደረሰንም።

ስለ ሴቶች ግን ሕጉ ሌላ ነበር፤ በሐውልት ልብስ ለብሰው ይቀረጹ ነበር። ይህን የለወጠው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፕራክሲቴሌስ የቀረጸው የክኒዶስ አፍሮዲት ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው ቀራጩ ሁለት ሐውልቶች ለሽያጭ አቀረበ፤ የኮስ ሰዎች ለጨዋነት ሲሉ ልብስ የለበሰችውን ገዙ፤ የክኒዶስ ሰዎች ያልለበሰችውን ወሰዱ። በኋላ አንድ ንጉሥ የከተማይቱን ዕዳ በሙሉ እከፍላለሁና ሐውልቱን ስጡኝ ቢላቸው እንቢ አሉ። ከዚህ ተረክ የምንማረው ነገር አለ፦ የኮስ ሰዎች እኛው ነን። በገላ ፊት መሽኮርመም የአንድ አገር ወይም የአንድ ሃይማኖት ንብረት ሆኖ አያውቅም። ሚካኤል አንጄሎ እ.ኤ.አ. በ1541 የጨረሰውን «የመጨረሻው ፍርድ» የተባለ ሥዕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1565 ዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ በጨርቅ እንዲሸፍን ታዟል፤ ሠዓሊውም ከዚያ ወዲህ «ሱሪ አልባሹ» የሚል የፌዝ ስም ወጣለት።

አፍሮዲት ለመታጠብ ልብሷን አኑራለች፤ አንድ እጇን በኀፍረተ ሥጋዋ ፊት ይዛለች። ያ የእጅ እንቅስቃሴ ከጦር ተሸካሚው ይለያታል። እርሱ ሰው ቢያየውም ባያየው ግድ የለውም፤ እርሷ ግን መታየቷን የምታውቅ ትመስላለች። ወንዱ ዕርቃኑን ቆሟል፤ ሴቲቱ በዕርቃንና በራቁትነት መካከል ቆማለች። ከዚህ በኋላ የመጣው የአውሮፓ ሥዕል ይህን ልዩነት ለዘመናት ተሸክሞታል፤ ጆን በርገር እ.ኤ.አ. በ1972 ወንድ ተመልካች፣ ሴት ታዪ ሆና የመሣሏን ልማድ ሲተች የነካውም ይህንኑ ነው።

በእኛ ዘንድ፦ የጠፋው ልብሰ ብርሃን

የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሌላ መነሻ ይጀምራል። በትውፊታችን አዳምና ሔዋን ከመውደቃቸው በፊት ልብሰ ብርሃን ለብሰው ነበር፤ ራቁትነት የመጣው ልብሱ ሲገፈፍ ነው። ግሪካዊው ልብሱን አውልቆ ወደ ክብር ሲደርስ፣ የእኛ ሊቃውንት ያሰቡት ሰው ክብሩን ሲያጣ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ በእኛ ሥዕል ገላው ሲገለጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው፦ ውድቀት፣ ጥምቀት፣ ሰማዕትነት፣ ወይም ፍርድ። በሲኦል እሳት ውስጥ የሚሣሉት ነፍሳት ብዙ ጊዜ ራቁታቸውን ናቸው፤ ቅዱሳኑ ግን በተዥጎረጎረ ልብስ ተሸፍነዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጨርቅ ባይለብሱም ገላቸውን በሸፈነው ጠጕር ይሣላሉ፤ ዓለምን የናቀ ሰው እንኳ ራቁቱን አልተተወም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩ የወንጌል መጻሕፍት በአንዳንዶቹ የሚገኘው የስቅለት ሥዕል ነው። ሁለቱ ወንበዶች በግራና በቀኝ ተሰቅለዋል፤ በመካከል ያለው መስቀል ግን ባዶ ነው፤ ከበላዩ በግ ይታያል። የተገፈፈውን ገላ ሠዓሊው አላሳየንም። በኋለኞቹ ዘመናት ግን ክርስቶስ ወገቡ ላይ ባለ ጨርቅ ብቻ ተሰቅሎ ይሣላል፤ የጎኑ አጥንቶችም በመስመር ይቆጠራሉ። የግሪኩ ቀራጭ የደረትን ጡንቻ ለጥንካሬ ምስክር ሲያደርግ፣ የእኛ ሠዓሊ የጎን አጥንትን ለሕማም ምስክር አደረገ። ሁለቱም ገላን እንደ ቋንቋ ተጠቅመውበታል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ይህ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃንና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ወደ ፈላ ውኃ ሲጣሉ ቅዱስ ገብርኤል ያዳነበት ታሪክ ሐምሌ 19 ቀን ይታሰባል። በሥዕሉ ላይ እናትና ልጅ ከሚንተከተከው ጋን ብቅ ብለው በእርጋታ ወደ እኛ ያያሉ። ከሥቃዩ ስፍራ የሚያዩን ሁለት ሙሉ ዓይኖች ናቸው፤ በሥዕል ልማዳችን ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን ገጽታ በአንድ ዓይን ይሣላሉና። የታየው ሰው መልሶ ያየናል። ይህን ልብ እንበለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤርሳቤህ

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትን አንድ ሥራ ልጥቀስ፦ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1654 የሣላትን፣ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለችውን ቤርሳቤህን። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህች ሴት ባዕድ አይደለችም፤ የሰሎሞን እናት፣ በክብረ ነገሥት ትውፊትም የቀዳማዊ ምኒልክ አያት ናት።

ታሪኩን እናውቀዋለን። ንጉሥ ዳዊት ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ስትታጠብ አያት፤ አስጠራት፤ ባሏን ኦርዮንም አስገደለው። ሌሎች ሠዓሊያን ዳዊትን በሩቅ ሰገነት ላይ ያሳያሉ። ሬምብራንት ግን ንጉሡን ከሥዕሉ አወጣው። በጨለማው ውስጥ የምትታየው ሴቲቱ ናት፤ አሮጊት አገልጋይ እግሯን ታሰናዳለች፤ ቤርሳቤህ ደብዳቤ በእጇ ይዛ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። ብርሃኑ ከሆዷ እጥፋትና ከጭኗ ላይ ያርፋል፤ ገላዋ የአፍሮዲት ምጣኔ የለውም፤ ክብደት ያለው፣ የኖረ ገላ ነው። ዓይኗ ደብዳቤውንም እኛንም አያይም፤ ገና ያልሆነውን ነገር ያያል።

ዳዊት ከሥዕሉ ከወጣ፣ ስትታጠብ የሚያያት ማን ነው? እኛ ነን። ሬምብራንት በሰገነቱ ላይ አቆመን። የገላዋን ውበት እንዳናደንቅ አልከለከለንም፤ ግን ያ አድናቆት ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ፊቷ ላይ ጻፈው። ከአራቱ ቃላት የትኛው ይስማማታል? ራቁትነት እንዳንል የታጠበችው በራሷ ቤት ነው። ዕርቃን ናት፤ ልትገፈፍም ነው። የሥዕሉ ኃይል የሚመነጨው ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት መካከል ነው።

ካዛንቺስና መገፈፍ

አሁን ወደ ቆምንበት ሰፈር እንመለስ። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም የመጣው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። ይኸው የቅኝ ግዛት ሥርዓት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከኤርትራና ከምሥራቅ አፍሪካ የተነሡ ፎቶግራፎችን በፖስታ ካርድ አትሞ አሰራጭቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ደረታቸው የተገለጠ ወጣት ሴቶችን የአውሮፓ ሠዓሊያን ቬነስን በሚያስቀምጡበት ሁኔታ አስተኝተው ወይም አቁመው ያሳያሉ። «ጥቁር ቬነስ» የሚለው ስያሜም ከዚህ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 «ፋቼታ ኔራ» የተባለው ዘፈን ለሐበሻዋ ልጅ ነጻነት ቃል ይገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ያው መንግሥት ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እሥራት የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ገላዋን ማየት ተፈቀደ፤ ሰውነቷን ማክበር ተከለከለ።

እነዚህ ካርዶች የጥንታዊውን ጥበብ አቋቋም ተውሰዋል፤ የወሰዱት ግን ቅርፊቱን ነው። ሴቲቱ ስም የላትም፤ ደብዳቤም፣ ሐሳብም፣ ታሪክም አልተሰጣትም። ቃሉ መገፈፍ ነው። የእኛ ተመልካች በዕርቃን ሥዕል ፊት የሚሰማው ጥርጣሬ በከፊል ከዚህ ትዝታ የሚመጣ ከሆነ፣ ኋላ ቀርነት ብሎ ማጣጣል ስሕተት ነው፤ የተገፈፈ ሕዝብ ማስተዋል ነው። ነገር ግን ጥርጣሬው ሁሉንም ሥራ በአንድ ቃል ከጠቀለለ፣ ሬምብራንትንና ካርድ አታሚውን እኩል ያደርጋል፤ ይህም ለካርድ አታሚው ያልተገባ ክብር መስጠት ነው።

ከካዛንቺስ አዳራሾች በአንዱ፣ በአፍሪካ አዳራሽ፣ ለዚህ የተሰጠ አንድ መልስ አለ። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ ያ ትምህርት ቤት ሕያው ሰውን እያዩ በመንደፍ ሥልጠና የታወቀ ነው። 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው ባለ ቀለም መስተዋት ሥራቸው የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልና ተስፋ ሲያሳዩ፣ ተስፋውን በያዘው ክፍል ያሉት ሰዎች የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው ችቦ ይዘው ቆመዋል። ከልብሱ በታች ግን ትከሻና ዳሌ፣ የተጣለ ክብደትና የተነሣ ክንድ አለ። ገላን ያላጠና ሠዓሊ ሸማን አሳምሮ ማልበስ አይችልም፤ ጨርቁ ከአየር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ተማሪ ሠዓሊ ገላን የሚያጠናበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው፦ ለማልበስ።

እንዴት እንይ?

ከዚህ በኋላ በአንድ ዕርቃን ሥራ ፊት ስትቆሙ አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁ። ክብደቱ የት አርፏል? ይህ ገላው በምን ኃይል እንደቆመ ያሳያችኋል። ብርሃኑ ወይም መስመሩ ዓይናችሁን ወዴት ይመራል? ይህ ሠሪው ምን እንድታዩ እንደፈለገ ይነግራችኋል። የሚታየው ሰው መታየቱን ያውቃል ወይ፣ መልሶስ ማየት ይችላል ወይ? ይህ የቂርቆስና የኢየሉጣ ዓይኖች የሚያስተምሩን ጥያቄ ነው። በመጨረሻም ከአራቱ የትኛው ቃል ይስማማዋል? መልሱ «ዕርዛት» ከሆነ ልባችሁ ይራራ፤ «መገፈፍ» ከሆነ ገፋፊውን ፈልጉ፤ «ራቁትነት» ከሆነ እፍረቱ የማን እንደሆነ መርምሩ፤ «ዕርቃን» ከሆነ ግን ጊዜ ወስዳችሁ እዩ።

ይህ ልማድ ከሙዚየም ውጭም ያስፈልገናል። በየኪሳችን ባለው ስልክ የሰው ገላ በየደቂቃው ያልፋል፤ ከእነዚያ ምስሎች ስንቱ ዕርቃን፣ ስንቱ ደግሞ የተገፈፈ ሰው እንደሆነ ለመለየት ያልሠለጠነ ዓይን፣ ሳያውቅ በሰገነቱ ላይ ከዳዊት አጠገብ ይቆማል። ማየትን መማር ሥራችን ነውና፣ የሚቀጥለው ምስል በግድግዳው ላይ ሲበራ ሳንስቅም ሳናጎነብስም እናየው ዘንድ አደራ እላለሁ።