በተቀዛቀዘ ገበያ የፈረስ ዋጋና የድርቆሽ ወጪ

የፈረስ ገበያ ሲቀዘቅዝ የባለቤቱ የመጀመሪያ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ይህ ሐሳብ ለእህል ያስኬዳል። በጎተራ የተቀመጠ ገብስ ነቀዝ ካልገባበት በቀር እስኪሸጥ ድረስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፈረስ ግን ገበያ ቢኖርም ባይኖርም በየቀኑ ይበላል። በመሆኑም ፈረስን ለማቆየት ወይም ለመሸጥ የሚወሰነው ውሳኔ በሁለት ዋጋዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንደኛው በገበያ ሜዳ የሚጠራው የፈረሱ ዋጋ ሲሆን ሁለተኛው በየዕለቱ ከግርግሙ የሚገባው ድርቆሽ ዋጋ ነው። ሁለቱ አብረው ቢወጡና ቢወርዱ ኖሮ ጉዳዩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በአብዛኛው የሚጓዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

በኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንደሚገኝ ይገመታል። አብዛኛው የሚረባው በደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በአዊ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በሰላሌ፣ በአርሲና በባሌ ነው። ፈረስ ለግልቢያና ለጭነት ይውላል፤ በከተሞችና በገጠር ከተሞች ጋሪ ይጎትታል፤ በአንዳንድ ደጋማ ቦታዎችም ለእርሻና ለውቂያ ይሠማራል። ከሥራው ባሻገር ያለው ክብርም የታወቀ ነው። መሳፍንቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» መባላቸው ለዚህ ምስክር ነው። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ዛሬም ድረስ ለተመረጡ ፈረሶች ተፈላጊነት ዓይነተኛ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ክብሩ የሚጠቅመው ጥቂት ፈረሶችን ነው፤ ለጋሪና ለጭነት የሚውለው ብዙኃኑ ፈረስ ዋጋው የሚወሰነው በሚሠራው ሥራ ብቻ ነው።

የድርቆሽ ዋጋን የሚወስነው ማን ነው?

የፈረስ ፈላጊ ሲቀንስ የፈረስ መኖም አብሮ ይረክሳል ብሎ የሚጠብቅ ባለቤት ይኖራል። ይህ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም በድርቆሽ ገበያ ውስጥ ፈረስ ትንሹ ገዢ ነው። ከሱሉልታ፣ ከሰላሌ፣ ከሆለታና ከደብረ ብርሃን አካባቢ በአይሱዙ ተጭኖ የሚወጣውን ድርቆሽ በብዛት የሚገዙት የወተት ላም አርቢዎችና ከብት አድላቢዎች ናቸው። የወተት አርቢው ላሟ መታለቧ እንዳይቋረጥ፣ አድላቢውም በሬው ለፋሲካ እንዲደርስለት በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል። የፈረስ ባለቤት ከእነዚህ ጋር ተሰልፎ ነው የሚገዛው። የፈረስ ገበያ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ የድርቆሹ ሻጭ ይህን የሚያውቅበት ምክንያት የለም።

የገለባም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይለይም። የጤፍ ገለባ ለመኖ ብቻ ሳይሆን ጭቃ ተቦክቶ ለሚመረግ ቤትም ይፈለጋል። ስለዚህ በበጋ የግንባታ ወራት ዋጋው ከእንስሳት ፍላጎት ውጭ በሆነ ምክንያት ሊጨምር ይችላል። ፈረስ ከገብስና ከአጃ ገለባ የተሻለ ይጠቀማል፤ ሆኖም እንደ በሬ የማያመሰኳ እንስሳ በመሆኑ ሻካራ መኖ በሆዱ ቶሎ ያልፋል፤ ከዚያም የሚያገኘው ጉልበት አነስተኛ ነው። ገለባ ብቻ እየበላ የሚሠራ ፈረስ ይከሳል። በዩሪያ የታከመ ገለባ ደግሞ ለሚያመሰኩ እንስሳት የተዘጋጀ በመሆኑ ለፈረስ አይመከርም።

ወቅት የሚያመጣው ልዩነት

በደጋው ድርቆሽ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ገና በሜዳ ሳለ፣ ባለመሬቱም ለአጨዳና ለማሠሪያ ያወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ሲቸኩል ዋጋው ዝቅ ይላል። በታኅሣሥና በጥር የሰብሉ ገለባ ስለሚጨመርበት ገበያው ይረጋጋል። ከመጋቢት በኋላ ክምሩ እየቀነሰ፣ የግጦሹ መሬት እየደረቀ ሲሄድ ዋጋው መውጣት ይጀምራል። በልግ ከቀረ ወይም ከዘገየ ጭማሪው ይፈጥናል። በግንቦትና በሰኔ፣ አዲሱ ሣር ለግጦሽ ከመድረሱ በፊት፣ የዓመቱ ከፍተኛ ዋጋ ይታያል። መንገዱ በጭቃ ሲያዝም የጭነት ዋጋ ይጨመርበታል።

የፈረስ ገበያ የሚሞቀው በተቃራኒው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በታኅሣሥና በጥር አርሶ አደሩ እጁ ላይ ገንዘብ ይኖረዋል፤ እህሉን ከአውድማ ወደ ቤትና ወደ ገበያ የሚያጓጉዝበት እንስሳም ይፈልጋል። ጥምቀት፣ የአገው ፈረሰኞች በዓልና የካቲት 23 የሚከበረው የዓድዋ ድል በዓልም ለግልቢያ ፈረስ ፍላጎት ይፈጥራሉ። ሰኔ ሲደርስ ሁኔታው ይገለበጣል። ማዳበሪያና ዘር የሚገዛበት፣ ጎተራው የሚጎድልበት ወቅት ስለሆነ ሻጩ ይበዛል፤ ገዢው ግን የሚገዛውን ፈረስ በምን እንደሚመግበው ያሰላና ይመለሳል። የድርቆሽ መወደድ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሻጩን ወደ ገበያ ይገፋል፣ ገዢውን ከገበያ ያርቃል።

በዚህ ላይ ከወቅት ጋር የማይመለሱ ለውጦች አሉ። ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች፣ በተለምዶ ባጃጅ የሚባሉት፣ በብዙ ከተሞች የጋሪን ሥራ ወስደዋል። ነዳጅ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ጋሪ መልሶ ሥራ ያገኛል፤ ባጃጅ በገባበት ከተማ ግን የጋሪ ፈረስ ፍላጎት ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል ብሎ ፈረስ ማቆየት ብዙ አያዋጣም። ዋጋው የወረደው በወቅት ምክንያት ነው ወይስ ሥራው ራሱ በመቅረቱ? ባለቤቱ ይህን ሳይለይ መጠበቁ መጨረሻው ለማይታወቅ ወጪ ይዳርገዋል።

ወለል የሌለው ዋጋ

በሬ ሥራ ቢያቆም ይደልባል፣ ለሥጋ ይሸጣል። ስለዚህ የበሬ ገበያ ምንም ቢቀዘቅዝ ዋጋው ከሥጋው ዋጋ በታች ብዙም አይወርድም። በሀገራችን የፈረስ ሥጋ ስለማይበላ ለፈረስ እንዲህ ያለ መጨረሻ ወለል የለም። መሥራት የማይችል ፈረስ የሚገዛው አይገኝም። በየከተማው አስፋልት ዳር ቆመው የሚታዩት፣ ቁስላቸው ያልታከመና ባለቤታቸው የማይታወቅ የጋሪ ፈረሶች የዚህ ውጤት ናቸው። በእነዚህ እንስሳት ላይ የሚደርሰው ሥቃይ ሳያንስ ለትራፊክ አደጋም ምክንያት ይሆናሉ።

የዋጋ ውድቀቱ ሁሉንም ፈረስ እኩል አይነካም። ቀድሞ የሚወርደው ያልተገራና ለሥራ ያልደረሰ ግልገል ፈረስ ዋጋ ነው፤ ገዢው ጥቅሙን ከማየቱ በፊት ለወራት ሊቀልበው ግድ ነውና። ለኮርቻ የተገራ፣ ግልቢያው የታወቀ ሰንጋ ፈረስ በአንጻሩ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ባዝራ እርጉዝ ከሆነች መኖ በረከሰበት ወቅት ተፈላጊ ስትሆን መኖ በተወደደበት ወቅት ግን ሁለት አፍ እንደ መግዛት ይቆጠራል። ዕድሜውን ገዢው በጥርሱ ያያል። በ5 ዓመት ገደማ የፊት የወተት ጥርሶቹ ሁሉ ስለሚቀየሩ እስከዚያ ድረስ ዕድሜውን በቅርበት መገመት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግምቱ የልምድ ጉዳይ ነው። የጀርባ ቁስል፣ የተሰነጠቀ ሰኮናና የጎድን አጥንት መቆጠር በሞቀ ገበያ ጥቂት ብር ያስቀንሳሉ። በቀዘቀዘ ገበያ ግን ገዢው አማራጩ ብዙ ስለሆነ ፈረሱን ጨርሶ ያልፈዋል።

ስሌቱ

250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ በላይ የሆነ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፤ ይህም በድርቆሽ ሲሰላ ወደ 6 ኪሎ ግራም ነው። በወር 180 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው። አንድ ቤል 15 ኪሎ ግራም ቢመዝን በወር 12 ቤል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት የብር መጠኖች ለስሌት ማሳያ ብቻ የቀረቡ እንጂ የየትኛውም ገበያ ዋጋ አይደሉም።

አንድ ባለቤት በግንቦት መጀመሪያ ለፈረሱ 20,000 ብር ተሰጠው እንበል። በታኅሣሥ 26,000 ብር እንደሚያወጣ ያምናል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግጦሽ እስኪደርስ ድረስ ለሁለት ወር ተኩል 30 ቤል ያስፈልገዋል። በግንቦት የአንድ ቤል ዋጋ 250 ብር ከሆነ ወጪው 7,500 ብር ይደርሳል። ስለዚህ 6,000 ብር ለማትረፍ 7,500 ብር አውጥቷል፤ ጨው፣ ክትባትና የጠባቂ ጉልበት ገና አልተቆጠሩም። ወጪውን ለመቀነስ ራሽኑን ቢቀንስ ፈረሱ ይከሳል፤ የከሳ ፈረስ ደግሞ በታኅሣሥም 26,000 ብር አያወጣም። የጠፋ ሥጋን መመለስ ያለውን ከመጠበቅ የበለጠ መኖ ይጠይቃል።

ይኸው ባለቤት ድርቆሹን ባለፈው ኅዳር በ150 ብር ሒሳብ ገዝቶ ቢሆንስ? በክምችት ከአሥር አንዱ ይበላሻል ብሎ 34 ቤል ቢያስገባ ወጪው 5,100 ብር ነው። በዚህ ሁኔታ መጠበቁ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም አላከሰረውም። በግንቦት የሚደረገው «ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ» የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው ኅዳር ላይ ተወስኖ ያለቀ ነው። በኅዳር ድርቆሽ ያላስገባና የግጦሽ መሬት የሌለው ባለቤት የማይሠራ ፈረስ ካለው ገበያው ሞቅ ባለበት በጥርና በየካቲት ቢሸጥ ይሻለዋል። ፈረሱ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለያል፤ የዕለት ገቢው የዕለት መኖውን እስከሸፈነ ድረስ መጠበቅ አይጎዳም።

ድርቆሽ ሲገዛ

ድርቆሽ የሚሸጠው በቤል እንጂ በኪሎ ባለመሆኑ ዋጋን ማነጻጸር ያሳስታል። 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቤል በ200 ብር ቢሸጥ ኪሎው ከ16 ብር በላይ ይሆናል፤ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝነው በ220 ብር ቢሸጥ ግን ኪሎው ከ15 ብር በታች ነው። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ይገኛል። ከጭነቱ ውስጥ አምስት ስድስት ቤል አንሥቶ መመዘን በቂ ነው። ዝናብ የነካው ቤልም ከባድ ይሆናል፤ ስለዚህ ክብደትን ብቻ ሳይሆን ውስጡን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ቅጠል የበዛበትና ጥሩ ሽታ ያለው ድርቆሽ በጊዜው የታጨደ ነው። ካበበ በኋላ ቆይቶ የታጨደው ግንዱ ይበዛል፤ ፕሮቲኑም ይቀንሳል።

ሻጋታ የያዘ ድርቆሽ በግማሽ ዋጋ ቢቀርብም ለፈረስ መገዛት የለበትም። ፈረስ የበላውን ማስመለስ አይችልም፤ ሻጋታ ለከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ብናኙም ለሳንባ ሕመም ይዳርገዋል።

ድርቆሹ ቤት ከገባ በኋላ የሚበላሸው በአብዛኛው ከታችና ከላይ ነው፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መደርደርና ጣሪያው እንዳያፈስ ማድረግ ብዙውን ጉዳት ያስቀራል። መሬት ላይ ተበትኖ የሚሰጥ ድርቆሽም በከፊል ተረግጦ ይባክናል፤ በግርግም ወይም በመረብ የሚሰጠው ግን አይባክንም። የራሱ ሣር ያለው አርሶ አደር ማሽን ባይኖረውም ከእንጨት በተሠራ ሣጥን እየጠቀጠቀ በገመድ ማሠር ይችላል። የታሠረ ድርቆሽ ቦታ ይቆጥባል፤ መጠኑ ስለሚታወቅም እስከ ሐምሌ ስንት እንደሚበቃ ለመቁጠር ይመቻል።

በክረምቱ ማብቂያ ለሽያጭ የሚያዘጋጁ ባለቤቶች የአፍሪካ የፈረስ በሽታን በሚመለከት አስቀድመው ሊያስቡ ይገባል። በሽታው በትናንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ሲሆን ዝናብ ተከትሎ ይስፋፋል። በአንድ ወረዳ ከታየ የፈረስ ዝውውርና ገበያ ሊታገድ ስለሚችል ለታኅሣሥ የታሰበው ሽያጭ ይዘገያል፤ ሽያጩ የዘገየበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ በድርቆሽ ይከፈላል። ክትባቱ በሀገር ውስጥ፣ በቢሾፍቱ ይመረታል። ስለ ክትባቱ ወቅትና አቅርቦት በአቅራቢያ ከሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መረጃ ማግኘት ይቻላል።